የአተርን ቅርንጫፍ ማን ይከለክላል? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመዝራት በፊት

ከአተር ግንድ ላይ አንዱን ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ ብብቱን በአጉሊ መነጽር እዩት። ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ እንቡጥ ተሸጉጣ ታገኛላችሁ። የራሷ ጫፍ አላት፤ ጥቃቅን ቅጠሎቿም ተሠርተው አልቀዋል። ቅርንጫፍ ለመሆን የሚቀራት ማደግ ብቻ ነው። ግን አታድግም። ተክሉ ከላይ እየተመዘዘ ይሄዳል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት እንቡጧን ማን እንደያዛት በገዛ እጄ ለማየት ነው። የተለመደው መልስ ይታወቃል። ጫፉ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ወደ ታች ይልካል፤ ኦክሲን የጎን እንቡጦችን ያፍናል፤ ጫፉ ሲቆረጥ ይለቀቃሉ። አትክልት የሚከረክም ሰው ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ይጠቀምበታል። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ያቆማል፤ ሌላውን ግማሽ የያዙት ደግሞ ጂኖቹ ናቸው።

የመረጥኩት ዘር ሁለት የአተር ሚውታንት፣ ማለትም አንድ ጂናቸው የተበላሸ ዝርያዎች፣ ከነጤነኛ ወላጆቻቸው ነው። ሚውታንቶቹ ራሞሰስ 1 እና ራሞሰስ 4 ይባላሉ። ሁለቱም ቅርንጫፋቸው ልጓም የለውም። በዓይን ብቻ ካያችኋቸው አንዱን ከሌላው መለየት ይከብዳል። ከውስጥ ግን የተበላሸባቸው ነገር ለየቅል ነው። አንደኛው «አትደጉ» የሚለውን ቃል መናገር አይችልም። ሌላው ቃሉ ቢነገረውም አይሰማም። ሥራው በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ረጃጅም ዝርያዎችን ብቻ ነው የወሰድኩት። ሜንዴል ያጠናው የቁመት ጂን በአጭሩ መልኩ ካለ ግንዱ ይደነድንና አንጓዎቹ ይጠጋጋሉ። እኔ ደግሞ ከጫፉ እስከ ታችኛው እንቡጥ ያለው ርቀት እንዲረዝም እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ መቀሱ ሲነሳ ይታያል።

ዘር የገባበት ዕለት

ዘሩን ከመቅበሬ በፊት ቅርፊቱን በምላጭ በትንሹ ጫር አደረግኩት፤ ውኃ ቶሎ እንዲገባው ነው። ጥልቀቱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር። መብራቱ በቀን 16 ሰዓት ይበራል።

ማሰሮዎቹን አራርቄ ነው ያስቀመጥኩት። ጉዳዩ የቦታ ስፋት አይደለም። የጎረቤት ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጥና ሩቅ ቀይ የሚባለውን ያሳልፋል። ተክሉ ፋይቶክሮም በተባለ ፕሮቲን የሁለቱን ምጥጥን ያነብባል። ሩቅ ቀዩ ከበዛ ተፎካካሪ አጠገቤ አለ ብሎ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ቅርንጫፍም ይቀንሳል። ተጨናንቆ የተዘራ ጤነኛ አተርና ዘርዘር ብሎ የተዘራ ጤነኛ አተር ማወዳደር ስለ ጂን ምንም አይነግርም። ፎስፈረሱም እንደዚሁ ነው። ባነሰ ጊዜ ሌላ ቅርንጫፍ ከልካይ ሆርሞን፣ ኋላ የምደርስበት፣ ስለሚበዛ ለሁሉም ማሰሮ እኩል ማዳበሪያ ተሰጥቷል።

ቡቃያው ሲወጣ

ሁሉም ወጥተዋል። አንጓ የሚቆጠረው ከታች ነው። የዘሩ ክክ የተያያዘበት ዜሮ ይባላል። አንጓ 1 እና 2 እውነተኛ ቅጠል የላቸውም፤ ቅርፊት የመሰለች ትንሽ ነገር ብቻ ናት ያለችው። እውነተኛ ቅጠል የሚጀምረው ከ3 ነው።

እነዚያ ሁለቱ የታችኛው አንጓዎች ናቸው ዋናዎቹ ምስክሮች። በጤነኞቹ ላይ እንቡጦቹ ተኝተዋል። በሚውታንቶቹ ላይ ተክሉ ገና ጥቂት ቅጠል ሳያወጣ አንጓ 1 እና 2 ላይ ቀንበጥ ብቅ ማለት ጀምሯል። ስያሜውን ባልጽፍበትም የቱ ማሰሮ የቱ እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ራሞሰስ 1ን ከራሞሰስ 4 ለመለየት ግን ስያሜው ግድ ነው።

መቀሱ

ዛሬ የጤነኞቹ ጫፍ ተቆረጠ። ተክሎቹ በሦስት ረድፍ ተከፍለዋል። አንደኛው ረድፍ አልተነካም። ሁለተኛው ጫፉን አጥቷል፤ ቁስሉ ላይ ባዶ ላኖሊን ተቀባ። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚወጣ ሰም ነው፤ ቅባቱ ሆርሞን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ሦስተኛው ረድፍም ጫፉን አጥቷል፤ ላኖሊኑ ግን ኦክሲን አለበት።

የሙከራው መሠረት የቆየ ነው። ኬኔት ቲማንና ፎልኬ ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቄላ ላይ ሠርተውታል። ጫፉን ቆርጠው በቦታው ኦክሲን ሲያስቀምጡ የጎን እንቡጦቹ እንደታፈኑ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጡ የዕፅዋት መጻሕፍት ሁሉ ይህንኑ ይዘው ሄዱ።

እኔ የጨመርኩት ካሜራ ነው። ለቅርብ ፎቶ የሚሆን ሌንስ አንጓ 2 ላይ ባለችው እንቡጥ ላይ ተደግኗል። በየ10 ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል። ኦክሲን በግንዱ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው በሰዓት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከቁስሉ እስከ አንጓ 2 በመስመሪያ ለክቼዋለሁ፤ ከ30 ሴንቲሜትር ይበልጣል። እንግዲህ የጫፉ መጥፋት በኦክሲን በኩል ለታችኛዋ እንቡጥ እንዲሰማት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ቁመቱ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ማግስቱን

ፎቶዎቹን በፍጥነት አስኬድኳቸው። እንቡጧ አንድ ቀን አልጠበቀችም። ጫፉ በተቆረጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መዘርጋት ጀምራለች። መጀመሪያ የሚታየው ርዝመት አይደለም። ተጣብቀው የነበሩት ጥቃቅን ቅጠሎች ጫፋቸው በትንሹ ይላቀቃል፣ በመሃላቸው ቀጭን ጥላ ይገባል። ርዝመቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የገረመኝ ሦስተኛው ረድፍ ነው። ኦክሲን የተቀባውም ተክል ላይ እንቡጧ ትንሽ ተንቀሳቅሳለች። ልዩነቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ባዶ ላኖሊን ያለው ማደጉን ቀጠለ፣ ኦክሲን ያለው ቀስ አለና ቆመ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ክርስቲን ቤቨሪጅ በአውስትራሊያ ከባልደረቦቿ ጋር አተር ላይ ይህንኑ ለክታ አሳትማለች። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከኦክሲን ለውጥ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ደግሞ ቀዳሚውን ነገር ስም ሰጠው፤ ስኳር ነው። ጫፉ በማደግ ላይ ያለ በላተኛ ነው። ቅጠሎቹ የሠሩትን ስኳር ወደ ራሱ ይስባል። ጫፉ ሲሄድ ስኳሩ ለታችኞቹ ይተርፋል፤ ስኳር ደግሞ በግንድ ውስጥ ከኦክሲን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

ያነበብኩትን ለመፈተን ሌላ ረድፍ ጨመርኩ። ጫፉን ከመቁረጤ ጋር ትልልቆቹን ቅጠሎችም አነሳሁ። ስኳር የሚሠራ የለም ማለት ነው። እንቡጧ ጫፉ ባይኖርም ለጥ ብላ ቆየች። ኦክሲን ጠፍቷል፣ ምግብ ግን የለም። ይህን ውጤት ካየሁ በኋላ «ኦክሲን ያፍናል» ብቻ ብሎ የሚያቆም ማብራሪያ ሲገጥመኝ ይከነክነኛል።

ኦክሲን ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። እንቡጧ ከነቃች በኋላ ማን ይቀጥል፣ ማን ይመለስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። የሚገርመው ኦክሲን ከግንዱ ወደ እንቡጧ ውስጥ አለመግባቱ ነው። በግንዱ ወደ ታች አልፎ ይሄዳል። ውጪ ሆኖ ውስጥ ያለችውን እንዴት ይይዛታል? መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ሚውታንቶቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ያንኑ የኦክሲን ላኖሊን ጫፉ በተቆረጠ ራሞሰስ 1 ላይም ቀብቼ ነበር። ቅርንጫፎቹ አልሰሙትም፤ እንደ ልባቸው ቀጠሉ። ኦክሲኑ አለ፣ የሚልከው መልእክተኛ ግን የለም።

ግራፍቲንግ

የአንዱን ተክል ጫፍ በሌላው ሥር ላይ መግጠም ነው። ከሥራው ሁሉ እጅ የሚጠይቀው ይህ ነው። ሳምንት ገደማ የሆናቸው ቡቃያዎች ላይ ይሠራል። ከክኩ በላይ ያለው ግንድ በዚህ ዕድሜ ለስላሳ ነው፤ ውፍረቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም። ሥሩን የሚሰጠው ተክል አናቱ ይቆረጥና ግንዱ መሃል ለመሃል ወደ ታች ይሰነጠቃል። ጫፉን የሚሰጠው ተክል ደግሞ ታችኛው ከሁለት ወገን ተጠርቦ ሽብልቅ ይሆናል። ሽብልቁ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ በቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ይታሰራል።

ምላጩ አዲስ መሆን አለበት። የደነዘዘ ምላጭ ሕዋሱን አይቆርጥም፣ ያደቅቀዋል፤ የደቀቀ አይገጥምም። የተቆረጠው ፊት አየር ላይ እንዳይደርቅ ሽብልቁን ጠርቤ ወዲያው ነው የማስገባው። ከዚያ ግልጽ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ቧንቧዎቹ እስኪገናኙ ድረስ ጫፉ ከሥሩ ውኃ ስለማያገኝ እርጥበቱ ከአየሩ መምጣት አለበት። ሽፋኑን በአንድ ጊዜ ማንሳት አይሆንም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መክፈት ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ያናድዳል። ሥሩን የሰጠው ተክል ክኩ ብብት ውስጥ የራሱ እንቡጦች አሉት። አናቱ ስለተቆረጠ እነሱ ይነቃሉ። ካልተነቀሉ ከሥሩ የሚመጣውን ምግብ ይወስዱና የተገጠመው ጫፍ ይጫጫል። በተጨማሪ «ቅርንጫፍ በዛ» ተብሎ በስህተት ይቆጠራሉ። በየማለዳው በወረንጦ እየለቀምኩ ነው።

ጥምሮቹ እነዚህ ናቸው። ራሞሰስ 1 ጫፍ በጤነኛ ሥር ላይ። ጤነኛ ጫፍ በራሞሰስ 1 ሥር ላይ። ራሞሰስ 4 ጫፍ በጤነኛ ሥር ላይ። ራሞሰስ 1 ጫፍ በራሞሰስ 4 ሥር ላይ። ከዚያ ለማነጻጸሪያ እያንዳንዱ በራሱ ሥር ላይ፤ ምላጩ ራሱ ቅርንጫፍ ሊያስቀይር ስለሚችል ይህ ካልተሠራ የቀረው ሁሉ አያስተማምንም። በስተመጨረሻ አስቸጋሪው፦ ራሞሰስ 1 ጫፍ፣ ራሞሰስ 1 ሥር፣ በመሃል ቁራጭ የጤነኛ ግንድ። ሁለት መገጣጠሚያ ስላለው ብዙዎቹ ደርቀውብኛል። የቀሩት ግን በቂ ናቸው።

እስኪጋጠሙ ድረስ

መጠበቅ ስለሆነ ስለ መልእክተኛው ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ስትሪጎል የተባለ ንጥረ ነገር ተለየ። ያን ጊዜ ስለ ቅርንጫፍ ያሰበ የለም። የተፈለገው አቀንጭራ ስለሚነቃበት ነው። አቀንጭራ የማሽላና የበቆሎ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ከሥር የሚወጣውን ይህን ኬሚካል ሲያገኝ ይበቅላል። ለብዙ ዓመታት ግራ የገባው ነገር ነበር። ተክል ለምን ጠላቱን የሚጠራ ኬሚካል ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2005 ግማሹ ተመለሰ። ለሥር ፎስፈረስ የሚያቀብለውን ወዳጅ ፈንገስ የሚጠራውም ይኸው ኬሚካል ነው። አረሙ ለሌላ የተላከ ጥሪ ጠልፎ ነው የሚመጣው።

ሌላው ግማሽ እ.ኤ.አ. በ2008 መጣ። አንዱ በፈረንሳይ፣ አንዱ በጃፓን የሚመሩ ሁለት ቡድኖች በአንድ የኔቸር መጽሔት ዕትም ላይ ጎን ለጎን አሳተሙ። የስትሪጎል ቤተሰብ የሆኑት ስትሪጎላክቶኖች ተክሉ ውስጥ ቅርንጫፍ ከልካይ ሆርሞን ናቸው። የፈረንሳዩ ቡድን ይህን ያሳየው በአተር፣ በእነዚሁ የራሞሰስ ሚውታንቶች ነው። የጃፓኑ በሩዝ።

አሁን ጂኖቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሆርሞኑ የሚሠራው ለካሮት ብርቱካናማ ቀለም ከሚሰጡት ከካሮቲኖይዶች ነው። ራሞሰስ 5 እና ራሞሰስ 1 የካሮቲኖይድን ሰንሰለት ተራ በተራ የሚቆርጡ ሁለት ኢንዛይሞችን ያዝዛሉ። ራሞሰስ 4 ግን ሆርሞኑን በመሥራት ውስጥ የለበትም፤ የሚሰማው ክፍል ነው። ሆርሞኑ ከተቀባዩ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ራሞሰስ 4 የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚያፍን አንድ ፕሮቲን እንዲወገድ ምልክት ያስደርግበታል። በሩዝ ላይ ይህ አፋኝ እ.ኤ.አ. በ2013 ተለይቷል። አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ላይ እነዚሁ ጂኖች ማክስ በሚል ስም ይጠራሉ። ቤተሰቡ አንድ ነው።

የትእዛዙ ሰንሰለት እንቡጧ ጋ ሲደርስ ብራንችድ 1 የሚባል ጂን ላይ ያርፋል። ይህ ጂን ሲበራ እንቡጧ ትተኛለች። ስትሪጎላክቶን ያበራዋል፤ ሳይቶኪኒን የተባለው ሌላ ሆርሞን ያጠፋዋል። ኦክሲን ከውጪ ሆኖ ሁለቱንም ይነካል፤ ግንዱ ውስጥ የስትሪጎላክቶን ሥራ እንዲጨምር፣ የሳይቶኪኒን ሥራ እንዲቀንስ ያደርጋል። ሌላ አስተሳሰብም አለ። እንቡጧ ለማደግ የራሷን ኦክሲን ወደ ግንዱ ማፍሰስ አለባት፤ ስትሪጎላክቶን ይህን ፍሰት ያጠብበዋል ይላል። ሁለቱም ወገን ጥሩ ማስረጃ አለው። እኔ በአተር ላይ ያየሁት ወደ መጀመሪያው ያጋድልብኛል።

ብራንችድ 1 ዘመዱ በቆሎ ውስጥ ነው። የበቆሎ የዱር ቅድመ አያት ቲዮሲንቴ ብዙ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሣር ነው። በቆሎ አንድ አገዳ ብቻ ይዞ የቀረው በዋናነት በዚህ ጂን ምክንያት ነው። ጆን ዶብሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂኑን ለይተው አወጡት። የሚያስደንቀው ፕሮቲኑ አለመለወጡ ነው። የተለወጠው መጠኑ ነው፤ በበቆሎ ጂኑ በርትቶ ይሠራል። ምክንያቱ ደግሞ ከጂኑ ወደ 60 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ የገባ ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። የጥንት የሜክሲኮ ገበሬዎች ዘር ሲመርጡ ይህን ቁራጭ ነበር ሳያውቁ የመረጡት።

ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ

አብዛኞቹ ይዘዋል። መገጣጠሚያው ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

ራሞሰስ 1 በጤነኛ ሥር ላይ ሲቀመጥ ቅርንጫፉ ጠፋ። አንጓ 1 እና 2 ላይ ያሉት እንቡጦች ልክ እንደ ጤነኛ ተኝተዋል። ጂኑ አሁንም የተበላሸ ነው፤ መልኩ ግን ተመልሷል። በራሱ ሥር ላይ የተገጠመው ራሞሰስ 1 እዚያው ትሪ ላይ ተንጨባርሮ ይታያል። ጎን ለጎን ሲታዩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ።

ጤነኛ ጫፍ በራሞሰስ 1 ሥር ላይ ሲቀመጥም ቅርንጫፍ የለም። ሥሩ ሆርሞኑን አይሠራም፤ ግንዱ ግን ለራሱ ይሠራል። ሥር ይበቃል፣ ግን ግድ አይደለም። «ሥሩ ነው አዛዡ» የሚለው አጭር አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ቁራጭ ጤነኛ ግንድ በመሃሉ ያለውም ይህንኑ መሰከረ። ከቁራጩ በላይ ያለው ጫፍ ጨዋ ሆኗል።

ራሞሰስ 4 በጤነኛ ሥር ላይ እንደ ድሮው ነው። የፈለገውን ያህል ሆርሞን ቢላክለት አይሰማም። ራሞሰስ 1 ጫፍ በራሞሰስ 4 ሥር ላይ ግን ተስተካክሏል። መስማት የማይችለው ሥር መናገር ይችላል፤ ጫፉ ደግሞ መስማት ይችላል። ሁለት የተበላሹ ተክሎች ተገጣጥመው አንድ ጤነኛ መልክ ሰጡ።

ጠብታው

የግራፍቲንጉን ውጤት በኬሚካል መድገም ፈለግኩ። ጂ.አር.24 የሚባለው በቤተ ሙከራ የተሠራ ስትሪጎላክቶን ነው። በጣም በቀጠነ መጠን፣ በ1 ማይክሮሞላር ተዘጋጅቶ 10 ማይክሮሊትር ጠብታ በቀጥታ እንቡጧ ላይ ይደረጋል። ለማነጻጸሪያ ሆርሞኑ የሌለበት ያው ማሟሚያ በሌላ ተክል ላይ ይደረጋል።

ጠብታው ቦታው ላይ መቆየት አለበት። የአተር ቅጠል ሰም ስላለው ውኃ ይንሸራተታል። ፒፔቱን ብብቱ ውስጥ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ስለቀው ጠብታው ከግንዱና ከቅርፊቷ መካከል ይያዛል።

ራሞሰስ 1 ላይ ጠብታ ያገኘችው እንቡጥ ቆመች። ያላገኘችው፣ በዚያው ተክል ላይ ከላይ ያለችው፣ ቀጠለች። ራሞሰስ 4 ላይ ጠብታ አገኘችም አላገኘችም ለውጥ የለም። ከግራፍቲንጉ ጋር ገጠመ።

አበባ ሲጀምር

ሁለቱን ሚውታንት አዳቀልኳቸው። አተር አበባው ሳይፈካ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ገና ሳይከፈት መቅደም ያስፈልጋል። ከታች የተጣበቁትን ሁለት የአበባ ቅጠሎች በመርፌ ሰንጥቄ የወንዴ ክፍሎቹን ለቀምኩ። 10 ናቸው፤ 9ኙ ከታች ተያይዘዋል፣ 1ዱ ለብቻው ነው። ይህች ብቸኛዋ ናት ብዙ ጊዜ የምትደበቀው። ቢጫ ብናኝ መልቀቅ ከጀመሩ ያ አበባ አይሆንም፤ ይጣላል። ካልለቀቁ የሌላውን ሚውታንት ብናኝ እናቲቱ ላይ መቀባት፣ ክር አስሮ ስም መጻፍ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ዘር ተዘርቶ ወጥቷል። ወላጆቹ ሁለቱም ቅርንጫፋሞች ነበሩ፤ ልጆቹ አንድም ቅርንጫፍ የላቸውም። ከአንዱ ጤነኛ ራሞሰስ 4፣ ከሌላው ጤነኛ ራሞሰስ 1 ወርሰዋል። ጉድለቶቹ በአንድ ጂን ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

አሁን እነዚህ ራሳቸውን እንዲያዳቅሉ ትቻቸዋለሁ። ከነሱ የሚመጣው ትውልድ ከ16ቱ 9 ጤነኛ፣ 7 ቅርንጫፋም ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሁለቱ ጂኖች በአንድ የትእዛዝ ሰንሰለት ላይ ስለሆኑ ሁለቱንም ያጣ ተክል አንዱን ካጣው ብዙም የባሰ አይሆንም። ሰባቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ጠብታው ግን ይለያቸዋል። ከ7ቱ 3ቱ ብቻ፣ ራሞሰስ 1ን ብቻ ያጡት፣ ናቸው ለጂ.አር.24 መቆም ያለባቸው።